አራስ ቤት ሳለሁ የተከፈተው ቦታ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች አሰላ ላይ ሸኙኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ ለስላሳና ኬክ ቀረበ። ከዚያ አንድ ወጣት ኃላፊ ተነስቶ ስለ እኔ ተናገረ። ልጁ ደግ ነው፤ ግን የሚያውቀኝ በቅርብ ነው። «ወይዘሮ የሺ በሥራ ዘመናቸው አንድም ቀን ከሥራ ገበታቸው ሳይጎድሉ ያገለገሉ ናቸው» ሲል ሳቄ አመለጠኝ። ሰዉ ደስ ብሏት ነው ብሎ አጨበጨበ።

እኔ በሆዴ፣ ይኼ ልጅ ምኑን ነው የሚያወራው አልኩ። ጎድያለሁ እንጂ፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ ወራት ሙሉ። ሁለቱንም ጊዜ ወልጄ ነው። ከሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይልቅ ብዙ ያስተማሩኝም የቀረሁባቸው ወራት ናቸው። ማታ ጋቢውን ለብሼ ለባለቤቴ ይህን ስነግረው «ታዲያ ለምን አትጽፊውም?» አለኝ። እነሆ እየጻፍኩ ነው።

ሥራዬ ላም ማዳቀል ነበር። ላም ኮርማ ስትፈልግ ባለቤቷ ይጠራኛል፤ እኔም ኮርማ ሳልነዳ እሄዳለሁ። የምይዘው በናይትሮጂን የቀዘቀዘ የኮርማ ዘር ነው፤ ከስኪሪብቶ ቀፎ በቀጠነች ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ቱቦዋን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሟሟታለሁ፣ ረጅሙን ጓንት አጠልቅና ግራ እጄን ከላሟ ኋላ እስከ ብብቴ ድረስ አስገብቼ የማህፀኗን አንገት በጣቶቼ እይዛለሁ፤ በቀኜ ደግሞ በቀጭን ዘንግ ዘሩን አደርሳለሁ። ሲያወሩት ቀላል ነው። እጄ ዓይን እስኪያወጣ ግን ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። የገጠር ሰው የከብት ሐኪሙንና አዳቃዩን ለይቶ አይጠራም፤ ሁላችንም ዶክተር ነን። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ «ልጄ ዶክተር ናት» ስትል ኖረች፣ እኔም አላረምኳትም።

ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው። የመጀመሪያ ምድቤ ግን ጢቾ ሆነ፤ እዚያም የነባሩ አዳቃይ የጋሽ መኮንን እጅ ላይ ወደቅኩ። ጋሽ መኮንን ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ኮቱን በክረምትም በበጋም የማያወልቅ ሰው ነበር። ሴት አዳቃይ ተመድባልሃለች ሲሉት «ላሟ ትጠይቃለች እንዴ?» ብሎ እንደመለሰ በኋላ ሰማሁ። ብዙ አያስተምርም፤ እያየሁ መማር ነበረብኝ።

የጢቾ ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ጋሽ መኮንን ግቢው እስኪደርስ ግራ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ነው የሚሄደው፤ ቀዝቃዛ እጅ ላሟን ያስደነግጣታል፣ የደነገጠች ላም ደግሞ ፅንስ አትይዝም ይላል። ውሃው ልክ መሆኑን የሚያውቀው እንደ ሕፃን ገላ ውሃ በእጁ አንጓ ነክቶ ነው። ቤቱ ሲደርስ አባወራው ወጥቶ ስለ ላሟ ሊነግረው ሲጀምር በትህትና ያዳምጥና «የምታልባትስ ማናት?» ብሎ ይጠይቃል። ሴትየዋ ትጠራለች። ላሟ ስንት ሰዓት ላይ መጮኽ እንደጀመረች፣ ሌላ ላም ስትወጣባት ቆማ እንደሆነ፣ ወተቷ ቀንሶ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ጠዋት ምልክቱ የታየባትን ማታ፣ ማታ የታየባትን ጠዋት ነው የምናዳቅለው፤ ሰዓቱን የሳተ ሰው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከሁሉ የወደድኩለት ግን ሌላ ልማዱን ነው። ያዳቀላት ላም ካልያዘች በሦስተኛው ሳምንት ገደማ መልሳ ኮርማ ትፈልጋለች። ጋሽ መኮንን በሦስተኛው ሳምንት ሳይጠሩት ይሄዳል። በአጥሩ በኩል አንገቱን ብቅ አድርጎ «እንዴት ናት?» ይላል። ካልያዘች ደግሞ ይሠራል፤ ከያዘች ኮፍያውን ነቅነቅ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። የአዳቃይ ሥራ ዘሩን ካደረሰ በኋላ ነው የሚጀምረው ብሎ ያምን ነበር።

ከጢቾ ወደ ዴራ ተዛወርኩ። ቆላ ነው፤ ናይትሮጂኑ እንደ ጤዛ ይተናል፣ ሰዉም የሚያረባው በአብዛኛው ያገሩን ከብት ስለነበረ ከአዳቃይ ይልቅ ጥላ ፈላጊ ሆኜ ከረምኩ። እዚያ ያተረፍኩት ባለቤቴን ተስፋዬን ነው፤ መምህር ነበር። ተጋብተን ሁለታችንም ሁሩታ ተመደብን።

የበኩር ልጄን ዮናስን የወለድኩት ሁሩታ ሳለሁ ነው። ያኔ የወሊድ ፈቃድ እንዳሁኑ አልረዘመም፣ አባት ፈቃድ ይጠይቃል ቢባልም ሳቅ ነበር። ፈቃዴን ወስጄ ስገባ የሚተካኝ ሰው አልተመደበም። ትመለሳለች ተብሎ ክፍሉ ተቆለፈ። ዘሩ የሚቀመጥበት ጋን ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ግን ቁልፍ አያግደውም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይተናል፣ ካልተሞላም ያልቃል። ካለቀ ዘሩ ይሞታል፤ መልሰው ቢሞሉትም አይነሳም። ክፋቱ መልኩ አለመለወጡ ነው። የሞተውም ያልሞተውም ቱቦ ያው ቱቦ ነው።

ልመለስ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ ሰው ጋኑ ባዶ መሆኑን አይቶ ኖሮ አስሞላው። ለእኔ ግን የነገረኝ የለም። ተመልሼ የእንጨት መለኪያውን ብነክር በረዶው እስከ ላይ ድረስ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሙሉ ነው። ጡቴ እያመመኝ፣ ልቤ ሕፃኑ ዘንድ እየቀረ፣ ግን ደስ ብሎኝ ሥራዬን ጀመርኩ። ናፍቄው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ላሞቹ ኮርማ ፈልገው ተመለሱ። መጀመሪያ አንዷ፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ከየአቅጣጫው። ደግሜ አዳቀልኩ፤ ደግመው ተመለሱ። ከነዚህ አንዷ የአዴ ቀመሪያ ላም ነበረች። አዴ ማለት በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። አዴ ቀመሪያ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአንዲት የፈረንጅ ላም ወተት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ላሟ ካልያዘች የሚቀጥለው ዓመት ወተት የለም ማለት ነው። አንድ ቀን ግቢያቸው ስገባ በቀጥታ ወስደው ላሟን አሳዩኝ። በረቱ ውስጥ ቆማ ትጮኻለች።

ሰፈሩ ማውራት ጀመረ። ከወለደች ወዲህ እጇ ከብዷል አሉ። የምታጠባ ሴት እጅ አያስይዝም ያሉም ነበሩ። ወሬው ቢሮ ገባ። አሰላ ላይ ሊሰጥ ታስቦ የነበረው የላም እርግዝና ምርመራ ሥልጠና የእኔ ተራ ነበር፤ ዘንድሮ ውጤቷ ወርዷል ተብሎ ለሌላ ተሰጠ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም እጄን ማመን አቃተኝ። ማታ ማታ ዮናስን እያጠባሁ ጣቶቼን አያለሁ። ምናልባት ሰዎቹ ልክ ናቸው፣ ማጥባትና ማዳቀል አብረው አይሄዱ ይሆናል እላለሁ።

ያን ጊዜ ጋሽ መኮንን አሰላ የዞኑ ቡድን መሪ ሆኖ ነበር። ሳልጠራው መጣ። ጋኑን ከፍቶ ጥቂት ቱቦ በትንሽ ዕቃ ይዞ ሄደ። በነጋታው ተመልሶ በር ላይ ቆመ።

«በማይክሮስኮፕ አየነው። የሚንቀሳቀስ የለም፣ ሁሉም ሞቷል» አለኝ። «አንቺ አልገደልሽውም። ግን በየቤቱ እየዞርሽ ራስሽ ንገሪያቸው። ከሌላ ከሰሙት ሁለተኛ አይጠሩሽም።»

ዞርኩ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከበደኝ ሳምንት እሱ ነው። የከርሞ ወተቱ የዘገየበት ሰው ፊት ቆሞ ጋኑ ባዶ ነበር ማለት ያሳፍራል። የተቆጡ አሉ፣ ያዘኑልኝም አሉ። አዴ ቀመሪያ ሰምተውኝ ሲያበቁ የተናገሩት ግን ያልጠበቅኩት ነው። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺ ቀነፋ ላይ ነበርሽ። ቤቱን መጠበቅ የነበረባቸው የቀሩት ናቸው።»

ቀነፋ የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስትወልድ ግንባሯ ላይ የምታስራት ትንሽ እንጨት ናት። እሷን ያሰረች ሴት ለወራት ትከበራለች። ከባድ ሥራ አትሠራም፣ ክፉ ቃል አይነገራትም፣ ባሏም እጁን አያነሳባትም። የደፈረ ካለ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጡበታል፤ ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው። ይህንን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ። እኔንም ይመለከተኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ላሞቹ በአዲስ ዘር ያዙ፤ ወሬውም ቀስ እያለ ጠፋ። እኔ ግን አንድ ነገር በልቤ ቆርጬ ነበር። ሁለተኛ ልጅ ከመጣ ሥራዬን በር ቆልፌ አልሄድም።

ዓመታት አለፉ፤ ያመለጠኝንም ሥልጠና ወሰድኩ፤ ከዚያ ሁለተኛዋን አረገዝኩ። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ ሞተር መንዳቱን ትቼ በጋሪ እዞር ጀመር። አንድ ሽማግሌ እጄን ላሟ ውስጥ ከትቼ እርግዝናዋን ስመረምር አዩኝና «ዶክተር፣ ማናችሁ ትቀድማላችሁ?» አሉኝ። ላሟ ናት የምትቀድመው አልኳቸው። እውነትም ቀደመችኝ።

በዚያ መሐል ዝግጅቴን ጀመርኩ። ሁሴን የሚባል ወጣት አዳቃይ በአጎራባች ወረዳ ነበር፤ እንዲሸፍንልኝ አለቃዬን ለምኜ አስፈቀድኩ። ከዚያ ሁሴንን አስከትዬ በየቤቱ ዞርኩ። ከአባወራው ጋር ሳይሆን ከምታልበዋ ሴት ጋር አስተዋወቅኩት፣ «ይኼ ወንድሜ ነው፤ እኔ አራስ ቤት ስገባ እሱን ጥሩ» እያልኩ። ዘበኛችንን መለኪያ እንጨቱን መንከርና የበረዶውን ልክ ማየት አስተማርኩት፤ ከምልክቱ ዝቅ ሲል ለማን እንደሚናገር ነገርኩት። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ሁሴንን ሲፈልጉ እንዳይውሉ ደግሞ ወፍጮ ቤቱን ተጠቀምን። ጠዋት እህል የምታስፈጭ ሴት የራሷንም የጎረቤቷንም ላም ወሬ ለባለወፍጮው ትነግረዋለች፤ ሁሴን ጠዋትና ማታ ብቅ ብሎ ይሰማል። ባለወፍጮው ሥራውን ወዶት ኖሮ ላሟ እንዴት እንደጮኸች ሳይቀር በድምፁ እያሳየ ይነግረው ነበር አሉ።

ሔለንን ወለድኩ። ገና አራስ ሳለሁ ጋሽ መኮንን ሊጠይቀኝ መጣ። ሕፃኗን አየት አደረገና ኮፍያውን ነቅነቅ አደረገላት። ከዚያ ጡረታ መውጣቱን፣ የቡድን መሪነቱ ቦታ ለውድድር መከፈቱን ነገረኝ። «ተወዳደሪ» አለኝ።

ያንን ቦታ እፈልገው ነበር። ይህን ማለት ያኔ ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን አያሳፍረኝም። በዞኑ ያለው የማዳቀል ሥራ ሁሉ በዚያ ወንበር በኩል ያልፋል፣ እንዴት መሠራት እንዳለበትም አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። ማመልከቻዬን ተስፋዬ አሰላ ድረስ ወሰደልኝ። መልሱን ይዞ የመጣውም እሱ ነው፤ ደጃፍ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ብዙ ስለቆየ ነገሩ ገባኝ። ለእድገት ለመወዳደር የመጨረሻው ግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ውጤት ያስፈልጋል። እኔ በፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ውጤት የለኝም። ውጤት የሌለው አይወዳደርም።

ተስፋዬ ሊያጽናናኝ ሌላ ጊዜ ይደርሳል አለ። የሚቀጥለው ሰው ጡረታ እስኪወጣ ሔለን ራሷ ትወልዳለች አልኩት። አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት፤ ሕፃኗም እኔን ተከትላ አለቀሰች፣ ተስፋዬ መሐላችን ቆሞ የትኛችንን እንደሚያባብል ጠፋው።

አዴ ቀመሪያ ቅቤና ገንፎ ይዘው ሊጠይቁኝ የመጡት በማግስቱ ነው። ዓይኔ ማበጡን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ መቼ እንደምንሄድ ጠየቁኝ። የት አልኳቸው። አሰላ አሉኝ፤ አራስ ብቻዋን አትሄድም። በሳምንቱ ሔለንን አዝዬ ሚኒባስ ስሳፈር እሳቸው ቀድመው ተቀምጠዋል፤ ሲንቄያቸውን ይዘዋል። ያን ጊዜ ፈራሁ። መንገዱን ሁሉ እባክዎ ጠብ እንዳይሆን ስላቸው እሳቸው በመስኮት የጭላሎን ተራራ እያዩ ዝናቡ ዘንድሮ እንደዘገየ ያወሩኛል።

እድገቱን የሚያየው ክፍል ኃላፊ አቶ ለማ የአርሲ ልጅ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንብ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ገብተን ስንቀመጥ ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው ሲንቄው ላይ ነው፤ አዴ ቀመሪያ ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል። አቶ ለማ ከወንበራቸው ተነስተው በኦሮምኛ ሰላም አሏቸውና እንደገና ተቀመጡ። እኔ ጉዳዬን አስረዳሁ። እሳቸውም ደንቡን አስረዱኝ፤ ጥፋት የለብሽም ግን ውጤት የለሽም አሉ።

አዴ ቀመሪያ በኦሮምኛ ጀመሩ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«አንተን ስትወልድ እናትህ ቀነፋ አስራ ነበር?»

«አዎ፣ አስራ ነበር።»

«ቀነፋ ላይ ሳለች የመንደሩ ሰው የግጦሽ መሬት ቢከፋፈል፣ በስብሰባው አልቆመችም ተብሎ ድርሻዋ ይቀር ነበር?»

አቶ ለማ ዓይናቸውን ወደ ሲንቄው መለሱ።

«ይጠበቅላት ነበር» አሉ አዴ ቀመሪያ። «ይህቺም ጠፍታ አይደለም የቀረችው። ወልዳ ነው። ላሞቻችንን ያለ ሰው አልተወችም፣ የእኔ ላም እሷ አራስ ቤት ሳለች ነው የያዘችው። እኔ ለመጣላት አልመጣሁም፣ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ሔለን ጀርባዬ ላይ አንቀላፍታለች። አቶ ለማ እስኪሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለሉ፣ መልሰው ያዙት። በመጨረሻ ደንቡ ውጤት የሌለው አይወዳደርም ይላል እንጂ በወሊድ ስለቀረች ሴት የሚለው ነገር እንደሌለ ተናገሩ። ከፈቃዷ በፊት ያለው ውጤት እንዲያዝ ለኮሚቴው አቀርባለሁ አሉ። ቃል አልገቡልንም። አዴ ቀመሪያ ግን ሲወጡ መረቋቸው፤ ልክ ጉዳዩ እንዳለቀ አድርገው።

ኮሚቴው ተቀበለ። የተወዳደርነው ሦስት ነን፤ አንዱ ሁሴን ነበር። በቃል ፈተናው ላይ የዞኑ የማዳቀል ሥራ ትልቁ ችግር ምንድን ነው ተብለን ተጠየቅን። ሌሎቹ ስለ ሞተር ብስክሌትና ስለ በጀት ተናገሩ፤ ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ስለ ሞተው ዘር ተናገርኩ። ሥራችን በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ያ ሰው ሲታመም፣ ሲወልድ፣ ሲዛወር ጋኑ አብሮት ይደርቃል አልኩ። ከዚያ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ወፍጮ ቤቱ፣ ሁሴንን ይዤ በየቤቱ ስለመዞሬ ነገርኳቸው። ከኮሚቴው አንዱ ይህን ከየት ነው ያመጣሽው ቢለኝ ከአራስ ቤት አልኩት፤ ሳቁ።

ተመረጥኩ። ሁሴን ውጤቱን ሰምቶ እጄን ጨበጠና ባለወፍጮው ምክትል ይሁን እንዴ አለኝ።

ገና የማጠባ ሳለሁ ሥራውን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስብሰባዬ ከየወረዳው የመጡ አዳቃዮችን ያሰባሰበ ነበር፤ ሁሉም ወንዶች፣ አንዳንዶቹ በዕድሜ የሚበልጡኝ። ተስፋዬ ከትምህርት ቤቱ አስፈቅዶ ሔለንን ግቢው ውስጥ ይዞልኛል። ገና መሐል ሳልደርስ ጩኸቷ በመስኮት ገባ። ተስፋዬ ሲያባብላት ይሰማኛል፣ እሷ ግን አልሰማችውም። ወተቴ ወረደ፤ ነጠላዬን ደረቴ ላይ ሰበሰብኩ። አንዳንዶቹ ጣራውን፣ አንዳንዶቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ልቀጥል አሰብኩ። አልቻልኩም።

«ልጄ ርቧታል። አጥብቻት እመለሳለሁ» አልኩና ወጣሁ።

ግድግዳውን ተደግፌ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ሔለን ስትጠባ ጆሮዬ ያለው ከውስጥ ነው። ድምፅ የለም። በቃ፣ አንድም ሄደዋል፣ አንድም ያለ እኔ ጨርሰውታል አልኩ። ተስፋዬ ፊቴን አይቶ አትቸኩዪ አለኝ። ልጄን ግራ ቀኙን አጠባኋት፣ አስገሳኋት፣ ለአባቷ ሰጥቼ ልብሴን አስተካከልኩ። በሩ ላይ ስደርስ ትንፋሼን ሰብሰብ አድርጌ ከፈትኩት።

ሁሉም ቦታ ቦታቸው ላይ ናቸው። ማንም አልተነሳም፣ የእኔ ወንበር እንደተውኩት ነው። ተቀመጥኩና የት ጋ ነበርን አልኳቸው።

«ናይትሮጂኑ የሚታደልበትን ቀን ልትነግሪን ነበር፣ እትዬ የሺ» አለ ሁሴን።

ከዚያው ቀጠልኩ።